ሳላነብ የጣልኳቸው ወረቀቶች

ይህ የሆነው በኮሮና ጊዜ፣ ተዘግተው የከረሙት ትምህርት ቤቶች በፈረቃ የተከፈቱ ሰሞን ነው። ዓመታት አልፈዋል። እኔ ግን እስካሁን ዴስክ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት ባየሁ ቁጥር ያ ሰሞን ይመጣብኛል።

ሰሚት አካባቢ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። ያኔ ክፍሌ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ግማሹ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ይመጣል። እኔን ለሁለት የሚከፍለኝ ግን አልተገኘም። አንዱን ትምህርት ሁለቴ፣ ያውም በማስክ ውስጥ እየጮህኩ አስተምራለሁ። ልጆቹ ሲሄዱ ዴስኩን ሁሉ በበረኪና እወለውላለሁ። ውስጡ ያገኘሁትን ብጣሽ ወረቀት፣ ማን ነክቶት ይሆን እያልኩ፣ ሳልገልጠው እጥላለሁ። ከዚያ በታክሲ መገናኛ፣ እዚያ ደግሞ ሌላ ሰልፍ። ቤቴ ስገባ ጫማዬን ለማውለቅ እንኳ አቅም አልነበረኝም።

ቤቴል የምትባል የሰኞ ፈረቃ ተማሪ ነበረችኝ። ትምህርት ቤት ከመዘጋቱ በፊት አፏ የማያርፍ ልጅ ነበረች። ስትመለስም ደህና ነበረች፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ዝም አለች። ምሳዋን ሳትከፍተው ይዛ ትመለሳለች። እኔ ስንፍና መስሎኝ ሁለቴ ተቆጣኋት።

አንድ ዓርብ እናቷ ልትወስዳት ስትመጣ ነገርኳት።

«ቤትም እንዲሁ ናት፣ ቲቸር» አለችኝ። «ሶሊያና ጠላችኝ እያለች ታለቅሳለች። ያን ሁሉ ወር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ዘግተንባት ከርማ፣ አሁን ደግሞ ትምህርት ቤት አልሄድም ማለት ጀምራለች።»

ሶሊያና ድሮ አብራት የምትቀመጥ ጓደኛዋ ናት። አሁን ያው ዴስክ ላይ ትቀመጣለች፤ ግን የማክሰኞ ፈረቃ ስለሆነች አይገናኙም።

ቤቴልን ጎንበስ ብዬ ጠየቅኳት። «እንደጠላችሽ በምን አወቅሽ?»

«በመጣሁ ቁጥር ደብዳቤ እጽፍላታለሁ። አትመልስልኝም።»

«የት ታስቀምጪላታለሽ?»

«ዴስካችን ውስጥ።»

ክው አልኩ። የበረኪናው ጨርቅ እጄ ላይ ነበር።

«ቤቲዬ፣ የጣልኩት እኔ ነኝ። ደብዳቤ መሆኑን አላወቅኩም። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ትንሽ አሰበች። «እሷም ጽፋልኝ ነበር?»

ከዚያ ዴስክ በሁለቱም ፈረቃ ወረቀት ማውጣቴ ትዝ አለኝ። «አዎ፣ ጽፋልሻለች።»

ከማስኩ በላይ ዓይኖቿ ፈኩ። «ምን ብላ?»

«ሳላነበው ነው የጣልኩት» አልኳት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሁለቱን ደብዳቤ በቦርሳዬ እየያዝኩ አመላልስ ጀመር። ቤቴልም ምሳዋን መብላት ጀመረች። ዛሬ ሁለቱም አድገዋል፤ ነገሩን ረስተውት ይሆናል። እኔ ግን ደክሞኝ ነበር እያልኩ ራሴን ማሳመን አልቻልኩም። ክፍል ሳጸዳ ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ ገልጬ አያለሁ። አብዛኛው የእስክሪብቶ መሞከሪያ ነው። ቢሆንም ሳላነበው አልጥልም።