የሬድዮዋ መርዶ

ወለተማርያም በሳምንት ስድስት ቀን ካርቱም፣ ጀብራ በሚባለው ሰፈር በሰው ቤት ታጥባለች፣ ትተኩሳለች፤ ዓርብ ዓርብ ደግሞ ሬድዮ ናት። ሬድዮ ስላችሁ ሕንፃና ዘበኛ እንዳይታያችሁ። ሬድዮዋ ከገዳሪፍ ወዲያ፣ ሰሊጥ የሚያርሱ ሀበሾች መንደር ውስጥ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ በላይ ብቅ ያለች አንዲት የብረት ምሰሶ ናት። ማስታወቂያ የላት፣ ገንዘብ የላት፤ ድምፅዋም ከሰሊጡ ማሳ ማዶ አያልፍም። የምታሰማው ካርቱም ውስጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ጓዳ ካሴት ላይ ተቀድቶ በሰሊጥ ጫኝ ሎሪ የሚላክላትን ነው። ቀጂው ማዘንጊያ የሚባል ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ሲሆን አንባቢዋ ወለተማርያም ናት።

ወንጌል ታነባለች፣ ስለ ወባ ትመክራለች፣ ካርቱም ያሉ ልጆች ለወላጆቻቸው የላኩትን ሰላምታ ታደርሳለች። መጨረሻ ላይ የራሷን ታክላለች፦ «ስንቅነሽ እህቴ፣ ወለተማርያም ነኝ። ይቅር በይኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። እናታቸው እዚያ መንደር ስትሞት፣ ታናሽ እህቷ ስንቅነሽ አርባዋ እስኪወጣ መርዶውን ደበቀቻት። በሰው አገር፣ በሰው ወጥ ቤት ብቻዋን እንዳትሰማው ብላ ነው። ወለተማርያም ግን ይህ አልገባትም። መንደሩ ድረስ ሄዳ በለቀስተኛ ፊት «እናቴን የሰረቅሽኝ ሌባ!» አለቻት። እንባ የሚባል ሳይወጣት በማግስቱ ተመለሰች። ንዴቷ ሲበርድ ግን ጸጸቱ መጣ፤ መንደሩ ደግሞ ስልክ የለውም።

መልስ የሚመጣው በሎሪው ሾፌር አፍ ነበር። ማዘንጊያ ተቀብሎ ይነግራታል።

«የመንደሩ ሰዎች፣ እነ የኔነሽ ሰላም ብለውሻል። ቄሱም ሰላም ብለዋል።»

«ስንቅነሽስ?»

«እሷ እንኳ... ምንም አላለች።»

እንዲህ ሲሉ ዓመት አለፈ። በመጀመሪያው ሰሞን እንቅልፍ አጥታ ነበር፤ ኋላ ያም ተዋት። ልቧ እንደደነዘዘ ጥርስ ሆነ፤ ቢነኩት አይሰማ። ማዳሟ ስትጮህባት በዐረብኛ «ሓዲር»፣ እሺ ብላ ታልፋለች። የፖሊስ አፈሳ መጣ ተብሎ የምትኖርበት የማዮ ሰፈር ሰው በጭቃው ውስጥ ሲራወጥ፣ እሷ ገበያ እንደሚሄድ ሰው ቀስ ብላ ትራመዳለች። ይቅርታውን መለመን አልተወችም፤ ግን «ይቅር በይኝ» የምትልበት ድምፅ «አጎበር ዘርጉ» ከምትልበት አይለይም ነበር።

አንድ ማለዳ ጎህ ሳይቀድ የክፍሏ በር ተንኳኳ። ማዘንጊያ፣ ጎረቤቷ ሰርክአዲስና ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ሀበሻ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ አለባበስ ለምን እንደሚመጣ የማይገባው የለም።

«ስንቅነሽ ናት» አለች ወለተማርያም። አልጋው ላይ ተቀመጠች። ምንም አልተሰማትም፤ ይህም ራሱ አላስገረማት። «በሉ ንገሩኝ። ዛሬ እንኳ አትደብቁኝ።»

ማዘንጊያ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሬድዮዋ... አርፋለች።»

«ማን?»

«ሬድዮዋ፣ ወለተ። አንቺ እህትሽን መለመን በጀመርሽበት ሰሞን ሐቡብ የሚሉት የአሸዋ ማዕበል ተነስቶ ምሰሶዋን ጣላት። ማሽኑም አብሮ ተቃጠለ። መለዋወጫ ብንፈልግ፣ ማፊ፣ የለም።»

ለሬድዮ ነጠላ ያዘቀዘቀ ሰው እኔም እስከዛሬ አልሰማሁ። ምን ያድርጉ ታዲያ! ክፉ ወሬ የሚነገርበትን ሌላ መንገድ አያውቁም። አሁን ደግሞ የካርቱሙ ቤተ ክርስቲያን የመቅጃውን ጓዳ ለሰንበት ትምህርት ፈልጎት መደበቂያም አልቆባቸዋል።

«ዓመት ሙሉ የተናገርኩትስ?»

«መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ይቅርታ ከለመንሽባቸው የመጀመሪያዋም ካሴት አልደረሰችም።»

«የሰው ሁሉ ሰላምታስ?»

«እኔው ነኝ የፈጠርኩት» አለ አንገቱን ደፍቶ። «በስንቅነሽ ስም መዋሸት ግን አቃተኝ። የእህት ይቅርታ ከኪሴ አውጥቼ ልስጥሽ?»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብቻሽን ነሽ። እንዳትደነግጪ ብዬ።»

ያን ቀን በለቀስተኛው ፊት ስንቅነሽ የመለሰችላትም ይህንኑ ነበር። ወለተማርያም ንዴቷን ጠበቀችው፤ አልመጣም።

«እንግዲያው እምቢ አላለችኝም?»

«ምን ሰምታ እምቢ ትበል!»

ያኔ አለቀሰች። ያለቀሰችው ለሬድዮዋ አልነበረም። ለእናቷ ያልወጣው ሁሉ ነው በአንዴ የመጣው። ከመንገድ ጀምሮ ልቅሶዋን አፍና የመጣችው ሰርክአዲስም እሰይ ብላ ተቀበለቻት። ሽማግሌዎቹ ግን ለሬድዮ እንዴት እንደሚለቀስ ስለማያውቁ ዝም ብለው ቆሙ።

ሲነጋ ወለተማርያም ፊቷን ታጥባ ነጠላዋን ለበሰች። መንገዷ ወደ ሱቅ ሻዕቢ መናኸሪያ፣ ወደ ገዳሪፍ አውቶቡሶች ነበር።

«ማዳምሽን ምን እንበላት?» አለች ሰርክአዲስ።

«ማዓሌሽ፣ ይቅርታ፣ ሐዘን ደርሶባታል በያት።»

ማዘንጊያ ከመሳቢያው አውጥቶ በፌስታል ያመጣቸውን ካሴቶች ዘረጋላት። «ያው የአንቺው ናቸው፤ ውሰጃቸው።»

«ምን ያደርጉልኛል» አለች። «እሷ ጆሮ አላት፤ እኔም አፍ አለኝ።»