ከፈቃዱ በላይ የነበሩት

ሮም ውስጥ ነሐሴ የውሾች መከራ ነው። ጣሊያኖቹ ባሕር ይወርዳሉ፤ ዓመቱን ሙሉ «ልጄ» ሲሉት የከረሙትን ውሻ እኛ ላይ ጥለውት ይሄዳሉ። እኛ ማለት ቶር ፒኛታራ ሰፈር ያለች አንዲት የውሻ ማጠቢያና ማሳደሪያ ናት። ከፊት ጸጉር እንቆርጣለን፣ ከኋላ እናሳድራለን። ስንት ውሻ ማሳደር እንደምንችል ፈቃዱ ላይ ተጽፎ በር ላይ ተሰቅሏል። ባለቤቷ ግን ነሐሴ ሲገባ ማንበብ ትረሳለች።

እትዬን እዚያ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ፤ አገር ቤት ጎረቤታችን ነበሩ። እዚህ ሲያስታምሟቸው የኖሩት ሽማግሌ ሲሞቱ ቤቱም ሥራውም ባንድ ቀን ከእጃቸው ወጣ። ፔርሜሷቸውን፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸውን፣ ለማሳደስ የሥራ ኮንትራት የግድ ያስፈልጋቸዋል። ባለቤቷ «መስከረም ላይ እፈርምላታለሁ፣ እስከዚያ ትልመድ» አለች። ውሻ ደጅ እንጂ ቤት አይገባም ተብለው ያደጉ ሴት፣ በፍልሰታ ጾም፣ በባዶ ሆዳቸው አጎንብሰው የፑድል ብብት ያሹ ጀመር። ቅዳሴ ሲሄዱ እጃቸውን በሎሚ ይፈትጉታል። አንዱ ነጭ ፑድል ባስነጠሰ ቁጥር ባለቤቷ «ሳሉቴ፣ አሞሬ!» ትለዋለች፤ እትዬ ፊታቸውን ያዞራሉ። «ይማርህ የሚባለው ለሰው ነው» ይሉኛል።

አንድ ቀን ጠዋት ከመንግሥት የተላከ ተቆጣጣሪ፣ የእንስሳት ሐኪም ነው፣ በሩን አንኳኳ። ባለቤቷ ከመክፈቷ በፊት ከፈቃዱ በላይ የሆኑትን ትንንሽ ውሾች አፍሳ ፎጣ ማስቀመጫው ክፍል ከተተቻቸው። ከዚያ ኮንትራት ያልፈረመችላቸውን እትዬን አየቻቸው። «አንቺም ግቢ፤ እንዳይጮሁ አፋቸውን ያዢልኝ» አለች። በእናቷ ዕድሜ ያሉትን ሴት! በሩን ዘጋችባቸው፤ ክፍሉ መስኮት የለውም።

ተቆጣጣሪው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር። የብረት ጎጆዎቹን በሜትር ለካ። ውሃቸውን በጣቱ ነክቶ አየ። አየር ያገኛሉ ወይ፣ ፀሐይ አይመታቸውም ወይ ብሎ ጠየቀ። ባለቤቷም እንደ ማር ጣፈጠችለት። «ቫ ቤኔ» ብሎ ሊፈርም ብዕሩን ሲያወጣ የውሻ ጸጉር አፍንጫው ገባና አስነጠሰው።

«ይማርህ፣ ልጄ!» የሚል ድምፅ ከፎጣው ክፍል ወጣ።

እትዬ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲያስነጥስ ሰምተው ዝም ብለው አያውቁም፤ አፋቸው ቀደማቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የባለቤቷ ፊት ደም መሰለ።

በሩ ሲከፈት እትዬ ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል፤ ላብ አጥምቋቸዋል፤ ውሾቹ ጭናቸው ላይ ተኝተዋል። ሐኪሙ ከልቡ ተቆጣ። «መስኮት በሌለው ክፍል! በዚህ ሙቀት! ሕይወት ያለው ነገር እዚህ ይቀመጣል?» እያለ ውሾቹን አንድ በአንድ ከጭናቸው ላይ አነሣ፤ ልባቸውን አዳመጠ፤ ውሃ አስመጣላቸው። እትዬ ግድግዳ ተደግፈው ራሳቸው ተነሡ።

«ይቺስ ማን ናት?»

«የደንበኛ ሠራተኛ ናት፤ ውሻ ልታደርስ መጥታ ነው» አለች ባለቤቷ፣ ዓይኗን በጨው ታጥባ። ከዚያ እትዬን አፍጥጣ አየቻቸው። አዎ ቢሉ ኮንትራቱ ይተርፋል። ይህ ለእሳቸውም ለእኔም ግልጽ ነበር።

«እዚሁ ነው የምሠራው» አሉ እትዬ በጣሊያንኛ። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ በአማርኛ፣ «በፍልሰታ አልዋሽም» አሉኝ።

ሐኪሙ እጆቹን ዘረጋ። «አሎራ፣ የሰው ጉዳይ የእኔ ኮምፔቴንሳ አይደለም፤ እኔን አይመለከተኝም። ለሚመለከተው አስተላልፋለሁ» አለ። ተመልሶ ወደ ውሾቹ ሄደ።

ባለቤቷ እትዬን ተጠጋቻቸው። «ኮንትራት አይደል የፈለግሽው? በይ ውሻ ይፈርምልሽ! ሽርጤን አውልቂ!» እትዬ እርጥቡን ሽርጥ አውልቀው፣ አጥፈው ሰጧት። እኔ መቀሱን ወርውሬ እዚህ የማይጻፍ ስድብ አወረድኩባት፤ አንቺም ውጪልኝ አለችኝ።

አውቶቡስ ፌርማታው ከሱቁ ፊት ለፊት ነው። ፀሐይ ላይ ቆመን ስንጠብቅ፣ ትርፎቹን ውሾች የሚወስድ ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ፈቃድ ካለው ሌላ ማሳደሪያ መጣ። ሐኪሙ ራሱ ገብቶ ቅዝቃዜውን በእጁ ሞከረ። እትዬን የውሾቹ ጸጉር አፍንጫቸው ውስጥ ቀርቶ ኖሮ ደጋግሞ አስነጠሳቸው። «ይማርዎት» አልኳቸው፤ ከእኔ በቀር ዞር ብሎ ያያቸው የለም።

ነጩ ፑድል ወደ መኪናው ሲገባ አስነጠሰ። ሐኪሙና ባለቤቷ፣ እንዲያ ሲጨቃጨቁ ቆይተው፣ ባንድ አፍ «ሳሉቴ!» አሉት።

«አየሽ» አሉኝ እትዬ፣ «እሱ ሰው አለው።»