የስኳር ዝምድና

ደባርቅ ላይ ሱቅ ውስጥ የሠራ ሰው ምላሱ አያርፍም። የእናቴ እህት የሆነችው አክስቴ ሱቅ ውስጥ ሒሳብ ስቀበልና ስኳር ስመዝን ከኖርኩባቸው ዓመታት ዛሬም ድረስ ጆሮዬ ላይ የቀረው ወሬው ነው። ሱቃችን መናኸሪያው አጠገብ ነበር። የገጠር ሰው ክብሪት ሊገዛ ይገባና መጀመሪያ ስለ ጤናዬ፣ ቀጥሎ ስለ እናትና አባቴ፣ ከዚያ ስለ ዝናቡ፣ ከዚያ ስለ ከብቱ ይጠይቃል። ከብት እንደሌለን ብነግረውም "ቢሆንም ደህና ናቸው?" የሚል አይጠፋም። ክብሪቱ የሚነሳው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ከኋላ የቆመውም አይቆጣም፤ የራሱን ሰላምታ እያዘጋጀ ነዋ!

የከተማው ሰው ወሬ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ብርድ። አንድ መምህር ነበር፣ ከክፍል በወጣ ቁጥር ጎራ ይልና "ዛሬ ደግሞ ይበርዳል" ይለኛል። ደባርቅ ላይ ይበርዳል ማለት እኮ ዛሬም መሸ እንደማለት ነው! "አዎ፣ ይበርዳል" እለዋለሁ። አንድ ሻማ ይገዛና ይሄዳል። መብራት ሳይጠፋ በከረመበት ሰሞንም ሻማ መግዛቱን አላቋረጠም፤ ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። እኔም ብሆን ወድጄዋለሁ፣ ምን እደብቃለሁ? እሱ ሳይመጣ በዋለ ቀን ከአክስቴ ጋር በሆነ ባልሆነው ስነታረክ እውል ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከአምባራስ ወደ ገበያ የሚወርዱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አባባ እላቸዋለሁ። መጀመሪያ የመጡ ቀን ሰላምታውን በወጉ ጨረሱና ዓይናቸውን የስኳሩ ጆንያ ላይ ተክለው፣

"ለመሆኑ አገርሽ ወዴት ነው ልጄ?" አሉኝ።

"ዳባት ነው አባባ።"

"የአባትሽ እናትስ?"

"እሷ እንኳ ከወደ አምቢኮ ናት ሲሉ ሰምቻለሁ።"

"አምቢኮ! አላልኩም? የኔ ቅድመ አያት የአምቢኮ ሰው አይደሉ እንዴ!" አሉና ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሌ እገሊትን ወለደ፤ አንድ እጅ አለቀ፣ ወደ ሁለተኛው ተሻገሩ። "ሰባት ቤት ላይ እንገናኛለን! ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ" ብለው የስኳራቸውን ፌስታል አፉን ከፍተው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

ምን ልበል? ለሽማግሌ "አይደለንም" አይባልም። አንድ ጭብጥ ጨመርኩላቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዝምድናችን ስድስት ቤት ላይ ደረሰ፤ በመንገድ ላይ ሳሉ አንድ የረሷት አያት ትዝ ብላቸው ነው። ስኳር የተወደደ ሰሞን አምስት ሆነ። ስኳር ከገበያ የጠፋ ጊዜማ በአንድ ቀን አራት ቤት ላይ ዱብ አሉ። አክስቴ አንጀቷ ቅጥል እያለ ጥግ ላይ ቆማ ትሰማለች።

"አንቺ፣ ይኼ ሰውዬ በዚህ አያያዙ ለፋሲካ አባትሽ ይሆናል" አለችኝ አንድ ቀን፣ አባባ ገና ከበራፍ ሳይርቁ። እሳቸውም ዞር ብለው "ከእግዜር ጋር!" አሉ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ከዚያ መምህሩ ብርዱን ትቶ ሽማግሌ ላከ። እሰይ! ዳባት አባቴ ቤት ገባሁና ጓዳ ተቀመጥኩ፤ አክስቴም አብራኝ መጣች። ሽማግሌዎቹ ሲገቡ በመጋረጃው ቀዳዳ ባይ፣ ከፊት ሆነው ነጭ ጋቢ ለብሰው የቆሙት ማን ናቸው? የስኳር ዘመዴ! ለካ የመምህሩ እናት ወንድም ናቸው። መምህሩ ስለ ብርድ እንጂ ስለ ዘመዶቹ አውርቶኝ አያውቅማ!

ነገሩ በጥሩ ሄደ። ከሽማግሌዎቹ ጋር የመጡት ቄስ እንደ ወጉ የሁለታችንን ዘር ቆጠሩ፤ ሰባት ቤት ያልራቀ ዘመድ አይጋባምና። የሱንም የኔንም አገላበጡና "ንጹሕ ነው፤ የሚያገናኛቸው የለም" አሉ። ልቤ ወደ ቦታው ተመለሰ። አባቴ "እንግዲህ ተቀመጡ" ሊል አፉን ሲከፍት አክስቴ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

"ቆይ! በስመ አብ! እኒህ ሰውዬ እኮ የልጅቱ ዘመድ ናቸው። አራት ቤት! በየቅዳሜው ሲቆጥሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።"

ክው አልኩ። አክስቴ ለክፋት አልነበረም፤ ኃጢአቱን ፈርታ ነው። እኔ ግን ያን ጊዜ በጥርሴ ብይዛት ደስ ባለኝ።

ቄሱ መስቀላቸውን ጨብጠው ወደ አባባ ዞሩ። "እውነት ነው? እኛ የማናውቀው ዘር ቢኖር ሽማግሌ ያውቃል። ዝምድና ካለ ይኼ ጋብቻ ፈርሷል።"

አባባ ላብ በላብ ሆኑ። "አራት... አራት አልኩ እንዴ? ስድስት ሳይሆን አይቀርም።"

"ስድስትም አይሆንም" አሉ ቄሱ።

"እንግዲያው ሰባት ይሁን።"

"ሰባት ድንበር ላይ ነው፣ ያጠራጥራል።"

"በቃ ስምንት! ስምንት እናድርገውና እንገላገል።"

"ምንድን ነው ይኼ?" አባቴ ጮኸ። "የልጄን ዘር በግ ገበያ አወጣችሁት እንዴ?"

አባባ ዘመድ ነን ካሉ እኔ ባል የለኝም። አይደለንም ካሉ ደግሞ ለሽምግልና የመጣ ሰው በገዛ አፉ ውሸታም ነኝ ሊል ነው፤ በዚያ ዕድሜ፣ በቄስ ፊት፣ በሰው ቤት። ጓዳ ውስጥ ሆኜ "አምላኬ፣ ያን ሁሉ ሻማ አስብልኝ" ብዬ ተማጸንኩ። እየሳቅኩ እንዳይመስላችሁ፣ እንባዬ እየወረደ ነው።

አባባ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው አገለደሙ። ጎንበስ አሉ።

"አባቶቼ፣ ይቅር በሉኝ። እኔ ለዚህች ልጅ ምኗም አይደለሁም። ባዳ ነኝ። አያቷንም አላውቃቸው፣ አምቢኮም ዘር የለኝም። ስኳር ወድጄ ነው።"

መጀመሪያ የሳቀው አባቴ ነው። ቀጥሎ ቄሱ፤ መስቀላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" አሉ ሲበርድላቸው። አባቴ ሽማግሌዎቹን አስቀመጠ፣ ቀንም ተቆረጠ። አባባ ብቻ አልሳቁም። ጠላውን እንኳ ሳይቀምሱ አቀርቅረው ወጡ።

ሰርጉ አልፎ ወደ ሱቅ ስመለስ ቅዳሜ አባባ መጡ። "እንዴት ዋልሽ" አሉ፣ በቃ። ስለ እናቴ የለ፣ ስለ ከብቱ የለ፣ ጣት ማጠፍ የለ። አንድ ኪሎ ስኳር ጠይቀው ወለል ወለሉን ያያሉ። አንጀቴን በሉት። ስኳሩን መዘንኩና እንደ ድሮው አንድ ጭብጥ ጨመርኩ።

አባባ ፌስታላቸው ውስጥ እጃቸውን ከተው ጭብጧን ዘገኑና ወደ ጆንያው መለሷት።

"ተይ ልጄ። ያኔ ባዳ ስለነበርኩ ነው። አሁን የባልሽ አጎት ነኝ፤ ሰው ከገዛ ቤቱ አይሰርቅም።"

አክስቴ ከጥጓ ተነሳች። ከሽምግልናው ቀን ወዲህ የአባባ ስም በተነሳ ቁጥር ፊቷ በሐፍረት ይቀላ ነበር። መጣችና ሁለት እጇን ጆንያው ውስጥ ነክራ፣ እፍኝ ሙሉ ዝቃ ፌስታላቸው ውስጥ ገለበጠችው።

ይኼኛውን አባባ አልመለሱም። ፌስታሉን ቋጠር አደረጉና አክስቴን ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

"ለመሆኑ የአንቺስ እናት አገሯ ወዴት ነው?" አሏት።