ደረጃ የወጣችው ዓሣ

የያዙኝ ከዳቦ ቤት ስወጣ ነው። ቤሩት፣ ናባዓ ሰፈር ውስጥ፣ ከምከራያት ክፍል ፊት ለፊት፣ እሑድ ጠዋት የማልቀርበት ዳቦ ቤት ነበር። በእጄ ዛታር የተቀባ ትኩስ ዳቦ በወረቀት ጠቅልዬ ይዣለሁ። ዛታር ጦስኝ የሚመስል ቅጠል ነው፤ ከሰሊጥና ከዘይት ጋር ይለወሳል። ፖሊሱ ወጣት ነው። «ኢቃማ?» አለኝ። የመኖሪያ ፈቃድሽ የት አለ ማለቱ ነው። ፈቃዴም ፓስፖርቴም ከቤቷ ጠፍቼ የወጣሁባት ማዳም ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። ይህን በአረብኛ ላስረዳው ጀመርኩና መሀል ላይ ተውኩት። ምን ያደርግለታል? «ያላ» አለና የመኪናውን በር ከፈተልኝ። ዳቦዬን ግን አልቀማኝም። ይህን እስከ ዛሬ አልረሳለትም።

የታሰርንበት ክፍል ምድር ቤት ነው። ጣራው ሥር አንድ ጠባብ ፍርግርግ አለ፤ በእሱ በኩል የመንገደኛ እግርና የመኪና ጎማ ይታያል። ክፍሉ ክሎርና ያልደረቀ ብርድ ልብስ ይሸታል። በአንዱ ግድግዳ ሥር የሲሪላንካ ሴቶች፣ በሌላው ሥር የእኛ አገር ሴቶች ተደርድረዋል። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ የሁሉም ዓይን ያረፈው እኔ ላይ ሳይሆን ዳቦው ላይ ነው። ቆራርሼ አደልኩ፤ ለእያንዳንዷ የደረሳት ከጉርሻ ያንሳል። ሴቶቹ መዳፋቸው ላይ የቀረውን ሰሊጥ አንድ በአንድ እየለቀሙ በሉት።

እስር ቤት ለእኔ አዲስ አልነበረም። በደርግ ጊዜ፣ ተማሪ ሳለሁ፣ በጋዜጣ የተለበደ መጽሐፍ ለጓደኛዬ ሳቀብል ተይዤ የወጣትነቴን ጥሩ ጊዜ እዚያው ጨርሻለሁ። ስፈታ በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆንኩ። በመጽሐፍ ምክንያት የታሰረችን ሰው መጽሐፍ ጠባቂ ማድረጋቸው ሁልጊዜ ያስቀኛል። በኋላ መንግሥት ተለወጠ፣ ቤተ መጻሕፍቱም ተዘጋ፣ እኔም እንደ ብዙዎቹ እንጀራ ፍለጋ ቤሩት ገባሁ።

ይህን ሳወራ ከጎኔ የተቀመጠችው ልጅ ሳቀች። እዚያ ቤት ስም አይጠየቅም፤ ሰው በመጣበት አገር ይጠራል። እሷ የመርካቶዋ ትባላለች። ጀማይዜ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ አንድ ምግብ ቤት ጓዳ ሳህን ስታጥብ ነው የያዟት።

«እትዬ፣ ያኔ ወረቀት ይዘው ታሰሩ፣ አሁን ደግሞ ወረቀት ሳይዙ ታሰሩ። እርስዎና ወረቀት መቼም አልሆነላችሁም!»

«ምን ላድርግ፣ ዕጣዬ ነው» አልኳት።

«ታዲያ እዚያ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሥራዎ ምን ነበር? የመጽሐፍ አቧራ ማራገፍ?»

«ማራገፉም ነበረበት። ዋናው ግን ለየልጁ የሚሆነውን መምረጥ ነው። እናቶች ይመጡና ልጄ እንዲህ ነው፣ እንዲያ ነው ይሉኛል። እኔ ደግሞ ይሄን ውሰጂለት እላለሁ።»

«ሐኪም ነበርኩ በሉና! እስቲ ለወንድሜ ይዘዙለት። አሥር ዓመቱ ነው፤ ቂጡ መሬት አይነካም።»

«መንገድ የጠፋበት ልጅ ያለበት መጽሐፍ ፈልጊለት። ጫካ ውስጥ ይጥፋ፣ ከመሬት በታች ይጥፋ፣ ግድ የለም። ወንድምሽ ልጁ ቤቱ ሳይደርስ አይነሳም። ብቻውን ግን እንዳያነብ። እናታችሁ ወጥ ስትሠራ አጠገቧ ቁጭ ብሎ፣ ጮክ ብሎ ያንብብላት።»

«ያኒ፣ ማለቴ፣ እናቴ ልትሰማው? እሷ ሽንኩርት ስትከትፍ የምታወራው ከሽንኩርቱ ጋር ነው።»

«ትስማም አትስማም፣ እሱ ለሰው እያነበበ መሆኑን ይወቅ።»

ትንሽ አሰበችና ደግሞ መጣችብኝ። «ግን እትዬ፣ ያልሆነውን ሆነ ብሎ መጻፍ ውሸት አይደለም እንዴ? ልጅ ውሸት ይማር?»

«ውሸት የሚያታልለው ነው። ጅብ ባርኔጣ አድርጎ ገበያ ወጣ ብትዪው ወንድምሽ ይታለላል? እንደማይሆን ያውቃል። እያወቀ ግን ከጅቡ ጋር ገበያውን ሁሉ ይዞራል። ለዚህ ብለሽ ነው የምትገዢለት።»

እስከዚያ ድረስ ቃል ያልተነፈሰች አንዲት ሴት ነበረች። የደሴዋ ይሏታል። ፋናር ከሚባል ሰፈር፣ ዳገቱ ላይ ካለ ቤት ነው ያመጧት፤ አሠሪዎቿ ፈቃዷን ሳያሳድሱ ቀርተው አሁን ወደ አገሯ ልትመለስ ነው። በማግስቱ ጠዋት እንደምትሳፈር ተነግሯታል፤ ሌሎቻችን የምንሄድበት ቀን አልታወቀም ነበርና እንቀናባት ነበር። ጉልበቷ ላይ የያዘችውን ፌስታል አንዴም መሬት አላስነካችውም።

«እትዬ፣ የኔንም ይዩልኝ» አለችና ከፌስታሉ መጽሐፍ አወጣች።

ገጹ እንደ ካርቶን የወፈረ የሕፃን መጽሐፍ ነው። ጥጎቹ ላይ የጥርስ ምልክት አለ፤ የማዳሟ ልጅ ጥርስ ስታበቅል የነከሰችው ነው። ልጅቷ ስታድግ ማዳሟ ጣለችው፤ የደሴዋ ደግሞ ከቆሻሻ ውስጥ አንሥታ፣ በክሎር ወልውላ፣ ፍራሿ ሥር አኖረችው። ገለጥኩት። አንዲት ቀይ ዓሣ ከባሕር ትወጣና የአንድ ረጅም ሕንፃ ደረጃ ትወጣለች። በየፎቁ በር እያንኳኳች ውኃ ትለምናለች። አንዱ በብርጭቆ ይሰጣታል፣ አንዱ በባልዲ፤ አይበቃትም። መጨረሻ ላይ ጣራው ላይ ካለው የውኃ ታንከር ትደርሳለች። የሣለው ሰው ቤሩትን ያውቃታል፤ በረንዳው ላይ የተሰጣው ልብስ፣ የታንከሩ ዝገት ሳይቀር አለበት። ከየሥዕሉ ሥር አንድ ሁለት የፈረንሳይኛ ቃል አለ፤ የቀረው ነጭ ነው። በጣም ወደድኩት።

«ግሩም መጽሐፍ ነው። ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው?»

«ሁለት ዓመቷ ነው። መሮጥ ጀምራለች፤ ልያዝሽ ቢሏት አትያዝም።» ፊቷ በራ። እጇን መልሳ ሰደደችና ከፌስታሉ ቀይ ጫማ አወጣች። ጥንዱ አንድ መዳፍ ላይ ይቀመጣል።

«አንቺ ቤሩት ከመጣሽ ቆየሽ?»

«ማዳሜ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ነው የመጣሁት፤ ከዚያ ወዲህ አገሬ አልገባሁም። እጄ ላይ ነው ያደገችው። አሁን ሰባት ዓመቷ ነው፤ ቦርሳዋን ይዤ ትምህርት ቤት የማደርሳት እኔ ነበርኩ።»

የመርካቶዋ ቀና አለች። አፏን ልትከፍት ስትል ክንዷን ጨበጥኩት። ግን የእሷን አፍ ብይዘው ምን ይረባል? ደሴ የምትጠብቃት ልጅ ጫማውን ስታየው ምን ትላለች? እናቴ ይዛ የመጣችው ለሌላ ልጅ ነው አትልም? መንገድ ላይ ከምታውቀው እኛ ዘንድ ብታውቀው ይሻላል ብዬ ቆረጥኩ።

«ከማዳምሽ ልጅና ከልጅሽ ማን ትበልጣለች?» አልኳት ቀስ ብዬ።

«የኔዋ ናታ! ያቺ ስትወለድ የኔዋ እኮ ቆማ...» ብላ ጀመረችና አቆመች።

ጫማውን አየችው። አንደኛውን አንሥታ ርዝመቱን በጣቶቿ ለካች፤ መልሳ አስቀመጠችው። ከፍርግርጉ በላይ የአንዲት ሴት ተረከዝ ኳ ኳ እያለ አለፈ።

«ቁጥሩንማ አላጣሁትም» አለች በመጨረሻ። «አውቀዋለሁ። ልቤ ነው እምቢ ያለኝ። ጡት አስጥያት ነው የመጣሁት፤ በቃ፣ እዚያው ላይ ቀረችብኝ።»

የእሷ ብቻ ስሕተት አልነበረም። ናባዓ ገበያ ውስጥ የሕፃን ልብስ የሚያገላብጡ የእኛ ሴቶች ሁሉ እንደዚያው ነበሩ። ሁሉም የሚገዙት ልጃቸውን በተለዩበት ቀን ልክ ነው። ልብሱ አገር ቤት ሲደርስ ለጎረቤት ሕፃን ይሰጣል፤ ለእናትየው ግን ልክክ አለላት ይሏታል። ማን ደፍሮ አልሆናትም ይላል?

«እንግዲህ ምን ይዤ ልግባ?» አለችኝ። «ፊቴን አታውቀው፣ ድምፄን አታውቀው። በእጄ ያለው ይሄው ነበር።»

ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሳለሁ ብዙ እናቶች ብዙ ነገር ጠይቀውኛል። እንዲህ ብላ የጠየቀችኝ ግን አልነበረችም። መጽሐፉን እንደገና ገለጥኩት።

«ማንበብ ትችያለሽ?»

«ልጅ ሆኜ ፊደል ቆጥሬ ነበር። ጠፍቶብኛል።»

«ታዲያ ታሪኩን ማን ነገረሽ?»

«ማዳሜ ለልጇ ስታነብላት እኔ ልብስ እየተኮስኩ እሰማ ነበር። አሁን በቃሌ ነው።»

«እንግዲያው ስሚኝ። ይሄ መጽሐፍ አይጣልም። ታሪኩን የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ልጅሽ አታውቀውም። መጻፍ የምትችለው ደግሞ እሷ ናት። ከየሥዕሉ ሥር ያለውን ነጭ ቦታ ታዪዋለሽ? አንቺ ንገሪያት፣ እሷ በአማርኛ ትጻፍበት። በቀን አንድ ገጽ ብቻ፤ ከዚያ አትለፉ።»

«ለምን?»

«ቶሎ እንዳያልቅባችሁ።»

መጽሐፉን ተቀብላኝ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። «እኔ የሰማሁት በፈረንጅ አፍ ነው። በአማርኛ ቢጠፋኝስ?»

«እስቲ ለእኛ ሞክሪው» አለች የመርካቶዋ። «እኛም የሰው ልጆች ነን።»

የደሴዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ተረት ተረት» አለች፤ ድምጿ አይሰማም። «የላም በረት!» አልናት እየጮኽን፤ የሲሪላንካዎቹ ደንግጠው ዞሩ። መጀመሪያ እየተንተባተበች፣ ቀጥሎ እየቀለላት፣ ሥዕሉን ወደ እኛ እያዞረች ነገረችን። አንደኛ ፎቅ ላይ ሽማግሌው በብርጭቆ ሲሰጣት ዓሣዋ «መርሲ» ብላ ታመሰግናለች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስትደርስ የመርካቶዋ አላስችል አላትና በሩን እሷ ከፈተችው። «ኸላስ፣ በቃ! ደረጃዬን አራስሽው እኮ፣ ያላ፣ መወልወያ አምጪና ጥረጊው!» አለች፤ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቁርጥ ማዳም ሆነች። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። የሲሪላንካ ሴቶችም ብርድ ልብሳቸውን እየጎተቱ መጥተው ሥዕሉ ላይ አጎነበሱ። ቋንቋችንን አያውቁም፤ ያን በር ግን ያውቁታል።

መጨረሻው ገጽ ላይ ዓሣዋ ታንከሩ ውስጥ ገባች።

«ከዚያ ላይ ሆና ባሕሩን ታየዋለች» አለች የደሴዋ።

«ይሄን ሁሉ ከምትለፋ መጀመሪያውኑ ከባሕሩ ለምን ወጣች?» ብላ ጠየቀች የመርካቶዋ።

የደሴዋ የመጨረሻውን ሥዕል ለረጅም ጊዜ አየችው።

«እሱ እዚህ አልተጻፈም» አለች። «ልጄም ትጠይቀኛለች። እንግዲህ እነግራታለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት በሩ ተከፍቶ ተጠራች። ፊቷን ታጥባ፣ ፀጉሯን አስይዛ ተዘጋጅታ ነበር የጠበቀችው። ከመነሳቷ በፊት ቀዩን ጫማ ከፌስታሉ አውጥታ ፍርግርጉ ሥር፣ ግድግዳው ጥግ አስቀመጠችው። ሁላችንንም ሳመችን።

በሩ ላይ የቆመው ወታደር ፌስታሏን በረበረው። ልብሷን መልሶ ከተተና መጽሐፉን በእጁ ያዘ።

«ሃይዳ ልሚን?» አላት፤ ለማን ነው?

«ላ ቢንቲ» አለችው፤ ለልጄ።

አንድ ሁለት ገጽ ገለጠና ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። «አዴሽ ዑምራ?»

ስንት ዓመቷ ነው ማለቱ ነው። የመርካቶዋ እጄን ጨበጠች። ከትናንት ጀምሮ ያን ቁጥር ማናችንም በአፋችን አልጠራነውም፤ እሷም አልጠራችውም። አሁንም ሁለት ብትል ወታደሩ መጽሐፉን ፌስታሉ ውስጥ ከቶ ይሸኛት ነበር።

«ቲስዕ ስኒን» አለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

ወታደሩ ራሱን ነቀነቀ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ትልቅ ናት፣ ይሄ የሕፃን ነው፣ ምን ይረባታል፣ እዚሁ ተዪው አላትና መጽሐፉን ክንዱ ሥር አደረገው። የደሴዋ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። መዳፏን ዘርግታ ቆመች።

«ባዕረፍ» አለችው። አውቃለሁ ማለቷ ነው።

ያላ አላት። አልሄደችም፤ እጇንም አላጠፈችም። አልጮኸችም፣ አልለመነችም። ኮሪደሩ ውስጥ ሌላ ሰው ወታደሩን በስሙ እየጠራ ያጣድፈው ነበር። በመጨረሻ መጽሐፉን መዳፏ ላይ አስቀመጠላት፤ እሷም ፌስታሉ ውስጥ ሳትከተው በእጇ ይዛው ወጣች።

እኔን ከሳምንታት በኋላ ወደ አገሬ መለሱኝ። እስከዚያ ድረስ ጫማው እዚያው ግድግዳው ጥግ ነበር። ሴቶች ገቡ፣ ሴቶች ወጡ። ወለሉን የምትጠርግ ተራኛ ጫማውን ታነሣና ጠርጋ ስትጨርስ መልሳ ታስቀምጠዋለች። የማን ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ከአንዲት ጠባብ ሱቅ የልጆች መጽሐፍ እሸጣለሁ። የደሴዋን ከዚያ ወዲህ አላየኋትም፤ ስሟን አላውቅም፣ ደሴ ብሄድም ማን ብዬ እጠይቃለሁ? ልጇ ይህን ጊዜ ራሷ ወልዳ ይሆናል። አንዳንድ ቀን፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ ታሪኩን ሲጽፉ፣ ዓሣዋ የስንተኛው ፎቅ በር ላይ ስትደርስ ተቃቀፉ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። አልተቃቀፉ እንደሆነስ? እሱንም አስባለሁ፣ ያመኛልም።

ከአረብ አገር የተመለሱ እናቶች ወደ ሱቄ ይመጣሉ። ሻንጣቸው ላይ የአየር መንገዱ ወረቀት ሳይላጥ የሚመጡም አሉ። ለልጄ አንድ ጥሩ መጽሐፍ ምረጪልኝ ይሉኛል። ልጅሽ ስንት ዓመቱ ነው እላለሁ። አንዳንዶቹ ወዲያው ይነግሩኛል። አንዳንዶቹ ግን አፋቸውን ከፍተው ይቀራሉ። ለእነዚያ ወንበር አቀርብላቸዋለሁ።