ከካሜራው አጠገብ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ

እህቴ ስለ እናታችን የሠራችውን ፊልም መጀመሪያ ያየሁ ዕለት፣ ከወንበሬ ተነስቼ «ሌባ!» ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም ነበር። ክፋር ግቢሮል ውስጥ ማትናስ የምንለው የሰፈሩ አዳራሽ በሰው ተሞልቷል። ያልጮህኩት እናቴ አጠገቤ ስለነበረች ብቻ ነው።

ምን እንደሰረቀችኝ ለመናገር ከቀረጻው ልጀምር። እኔ የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነኝ፤ እሷ የመጨረሻዋ። ከጎንደር ወጥተን፣ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭነን እስራኤል ስንመጣ እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ እሷ ከዓመታት በኋላ እዚሁ ረሆቮት ተወለደች። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይላሉ። እኔ ቂርያት ዔቅሮን አንድ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ሆኜ ከሥራ እናቴ ቤት፣ ከእናቴ ቤት ልጆቼ ጋ ስሮጥ፣ እሷ የውትድርና አገልግሎቷን ጨርሳ፣ ዓለምን ዞራ፣ በመጨረሻ ፊልም ትምህርት ቤት ገባች። የእናቴን መድኃኒት የማቀብል፣ ሐኪም ዘንድ የምወስዳት እኔ ነኝ። ካሜራ ይዛ የመጣችው ግን እሷ ናት። ለመመረቂያዋ ነበር።

ሁለት ቀን ብቻዋን ቀረጸች። በሦስተኛው ደወለችልኝ።

«እማዬ አታወራኝም። ያላ፣ ቶሎ ነዪልኝ።»

ስደርስ ሳሎኑ ሌላ ቤት መስሏል። መጋረጃው በግማሽ ተገልጧል፤ ብርሃኑ በእናቴ አንድ ጉንጭ ላይ ብቻ እንዲያርፍ ነው አለችኝ። ፍሪጁ ተነቅሏል፤ ማይኩ ጉርምርምታውን ይይዘዋል። ካሜራው ከጉልበት ዝቅ ብሎ ቆሟል። «ከታች ወደ ላይ ሳያት ትገዝፋለች» አለች። እናቴ አጭር ናት፤ ሶፋው ላይ ስትቀመጥ እግሯ ወለል አይነካም። በካሜራው ውስጥ ስመለከታት ግን እውነትም ወይዘሮ ሆናለች። ሥራዋን ታውቃለች፤ ይህንን የምጽፈው ሳልወድ ነው።

«እማዬ፣ አውሮፕላኑ ውስጥ ምን ተሰማሽ?» ብላ ጠየቀቻት እኔ ባለሁበት።

እናቴ መሬት መሬት እያየች «ምን ይሰማኛል? እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና» አለች።

ሳቄ መጣ። የጎንደር እናት ምን ተሰማሽ ተብላ ተጠይቃ መቼ መልሳ ታውቃለች? በዚያ ላይ ሰው ላይ ማፍጠጥ ነውር ነው ብላ ያሳደገችን ራሷ ናት፤ የካሜራውን መስታወት እንደ እንግዳ ሰው አፍራዋለች። እህቴ ከካሜራው አጠገብ፣ ትከሻዬ የካሜራውን እግር እስኪነካ ድረስ አስጠግታ ወለሉ ላይ አስቀመጠችኝ። እናቴ ወደ እኔ ስታይ ተመልካቹን ያየች ያህል እንዲሆን ነው።

እኔ እናቴን እንዴት እንደሚያናግሯት አውቃለሁ። ነገርን ነገር ያነሳዋል፤ መተንኮስ ነው።

«እማዬ፣ አውሮፕላኑ ውስጥ ስትንቀጠቀጪ ነበር አሉ።»

«ማን ነው ያለ? እኔ?» ቀና አለች። «የተንቀጠቀጥሽውስ አንቺ! ሞተሩ ሲያጓራ ጆሮሽ እንዳይፈነዳ ብዬ በሁለት እጄ ደፈንኩልሽ። እስክንወርድ አልለቀቅኩሽም። የራሴ ጆሮ ተደፍኖ ሰነበተ። ሰዎቹ በዕብራይስጥ ሲያናግሩኝ ዝም ብዬ ራሴን እነቀንቃለሁ፤ ቢሰማኝስ ምን ሊገባኝ!»

ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ አየችኝ። እናቴ በሕይወቴ ስታየኝ በልተሻል ወይ፣ ከስተሻል፣ ለምን ዘገየሽ ብላ ነው፤ እንደሚፈትሽ ሰው ነው የምታየኝ። ያን ቀን ግን ምንም አልፈተሸችም። ዓይኗ እርጥብ ብሎ፣ ሳቁም አብሮት፣ ዝም ብላ አየችኝ። ለካ እንዲህ ማየት ትችል ኖሯል። ያንን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ ለሳምንታት ክሊኒክ ውስጥ ደም ስቀዳ እንኳ ትዝ እያለኝ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር።

እንግዲህ አዳራሹ ውስጥ የጠበቅኩት ያንን ነበር። ፊልሙ ሲጀምር ያምራል፤ ቅናት ቢይዘኝም ዓይነ ስውር አይደለሁም። ጆሮ የደፈነችበት ወግ ላይ ሲደርስ እህቴ ድምፁን ሁሉ አጠፋችው። የእናቴ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ቃሉ ከግርጌ ይነበባል፤ አዳራሹ ውስጥ የሰው ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ሁላችንም ጆሯችን የተደፈነ ያህል ሆንን። ከዚያ የእናቴ ሳቅ ተመለሰ፤ ቀና ብላም አየች።

ቀጥሎ ስክሪኑ ላይ የመጣው የእህቴ ፊት ነው።

ያው የመስኮት ብርሃን ጉንጯ ላይ አርፎ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ እናቷን ታዳምጣለች። እንደገና እናቴ። እንደገና እሷ። የእኔ ጥያቄ የለም፣ ድምፄ የለም፣ ትከሻዬ እንኳ የለም። ያኔ እኮ አልተወለደችም! የተደፈነው ጆሮ የእኔ፣ የተንቀጠቀጥኩት እኔ፤ እሷ ግን እዚያ ተቀምጣ ታለቅስበታለች።

ከኋላዬ አንድ አዛውንት «ይቺ ልጅ እዚህ አይደለም እንዴ የተወለደችው?» ሲሉ ሰማሁ።

ባለቤታቸው «ዝም ይበሉ እስቲ፣ ፊልም ነው» አሏቸው።

መብራት ሲበራ የሰፈሩ ሴቶች እህቴን ከበቧት። «እናትሽ እንዴት ብታይሽ ነው! ኮል ሃካቮድ፣ ጎበዝ!» ይሏታል። አንዷ ወደ እኔ ዞር ብላ «አንቺስ፣ ሲቀረጽ ሥራ ላይ ነበርሽ?» አለችኝ። እናቴን ክንዷን ይዤ ወጣሁ፤ እሷ ግን መንገዱን ሙሉ አንድም ቃል አልተነፈሰችም።

በሳምንቱ ከሥራ ወጥቼ ባቡር ጣቢያው አጠገብ እህቴ የተከራየችው ክፍል ሄድኩ። ገና በሩን ስትከፍትልኝ «የእኔን አምጪ» አልኳት።

ምን እንደምል ወዲያው ገባት። «ፊልም ላይ እኮ ሰው የሚያምነው ቀጥሎ የመጣውን ነው» አለችኝ። «ከእማዬ ፊት ቀጥሎ ድስት ባስገባ ራባት ይላሉ፤ የአውቶቡስ ማቆሚያ ባስገባ ሰው ትጠብቃለች ይላሉ። ዋናው ስሜቱ ነው፣ ማን እንደጠየቀ አይደለም።»

«አንቺስ ያን ጊዜ ምን እያየሽ ነው የምታለቅሺው?»

በጣቷ ግድግዳውን አሳየችኝ። በዓይን ቁመት ላይ ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል። ብቻዋን መብራት አብርታ፣ ካሜራ ተክላ፣ ያችን ወረቀት እያየች ነው ያለቀሰችው።

«ሬጋ፣ ቆይ አንድ ነገር ልክፈትልሽ» ብላ ኮምፒውተሩን አዞረችልኝ። እኔ ያልነበርኩባቸው የሁለቱ ቀናት ቀረጻ ነው። የእህቴ ድምፅ ይጠይቃል፤ እናቴ ጣቶቿን ታያለች፣ ወለሉን ታያለች፣ በሩን ታያለች። «ይመስገን» ትላለች። ትንሽ ቆይታ «እህትሽ ዛሬ አትመጣም እንዴ?» ትላለች።

«ሁለት ቀን ሙሉ ይኸው ነው» አለች እህቴ፣ ድምፏ ተሰብሮ። «አንቺ መጣሽና በአንድ ጥያቄ ሁሉን ሰጠችሽ። እኔ ከካሜራው ኋላ ቆሜ በካሜራው ትንሽ ስክሪን ነው ያየሁት። ቀናሁብሽ። አንድ ጊዜ እንኳ እኔን እንደዚያ ስታየኝ ለማየት ፈለግኩ።»

ታላቅ እህት ነኝና ማቀፍ ነበረብኝ። እኔ ግን ደስ አለኝ። እሷ እያለቀሰች ደስታዬ እስከ ጣቶቼ ጫፍ ወረደ። «እስቲ ያቺን እማዬ ስለ እኔ የጠየቀችበትን ደግመሽ አሳዪኝ» አልኳት። አሳየችኝ። ከዚያ «ድምፄን መልሺ፤ ፊትሽን አውጪ» አልኩ።

«ቤሰደር፣ እሺ» አለች፣ አፍንጫዋን እየጠረገች።

አርብ ቀትር ላይ የታረመውን ይዛ እናታችን ቤት መጣች። ኮምፒውተሯን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝታ ሦስታችን አየነው። አሁን ጥያቄዬ ይሰማል። ፊቴ የለም፤ ስላልተቀረጽኩ ከጎን የትከሻዬ ጥላ ብቻ ይታያል፤ እናቴ ግን ወደ ድምፄ ስታይ ማንም ሊሳሳት አይችልም። የእኔ ነው። ሲያልቅ እንዴት ነው ብዬ እናቴን ጠየቅኳት።

«የፊተኛው ይሻል ነበር» አለች።

የሰማሁትን አላመንኩም። «እማዬ፣ የፊተኛው ውሸት እኮ ነው። የጠየቅኩሽ እኔ ነኝ። ያየሽው እኔን ነው። እሷ ናት የራሷን ፊት የቀጠለችበት።»

«አጣሁት እንዴ? ጃጀሁ መሰለሽ?» ተቆጣች። «አንቺን ማየቴን አውቃለሁ። ይቺን ስወልድ ግን ሥራዬ ብዙ ነበር። አድጋ ስትመጣ ደግሞ እሷ በእነሱ ቋንቋ፣ እኔ በእኔ። እንዲህ ተያይተን አናውቅም። አዳራሹ ውስጥ ስንተያይ ሳየው፣ እሰይ አልኩ። ይሁን ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ አውጥታችሁ ጣላችኋት።»

ይህንን ብላ ወደ እህቴ ዞረች፤ አየቻት። መጋረጃም ብርሃንም አልተስተካከለም፤ ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ነው። እይታው ግን ያው ራሱ ነው፤ ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም። እናቴ ሁለት እንዳላት አላውቅም ነበር። አንድ ብቻ መስሎኝ፣ እሱም የእኔ መስሎኝ ነበር።

እህቴ አላየችም። እናታችን ስትናገር ጀርባዋን ሰጥታን ቴሌቪዥኑ ኋላ ጎንበስ ብላ ኬብል ትነቅላለች፤ ወይ ማልቀሷን ትደብቃለች። እንዲህ ያለ እይታ ብዙ እንደማይቆይ አውቃለሁ። ዝም ብል ያልፋል፤ ዝም ማለቴንም የሚያውቅ የለም።

«ኬብሉን ተይው» አልኳት። «ዞር በይና እማዬን እያት። አሁን።»

ዞረች። እኔ ያንን ተቀምጬ ማየት አልቻልኩም። ብርጭቆዎቹን ሰብስቤ ወደ ኩሽና ገባሁና የሚባባሉት እንዳይሰማኝ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት።