ሲቪዬና የሞላሌው ዋሴ

ለትምህርት ከሞላሌ ልወጣ በዋዜማው እናቴና ጋሼ ሰይድ በሻንጣዬ ተጣሉ። እናቴ ሽሮና በርበሬ ትጭናለች። ባለሱቁ ጋሼ ሰይድ ደግሞ ከሱቃቸው ባና ሁሉ ወፍራሙን፣ ገና በግ በግ የሚሸተውን የሱፍ ብርድ ልብስ ታቅፈው መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል። «ፊንላንድ ማለት በረዶ ነው አሉ፤ ይሄ ሳይገባ ልጅቱ አትወጣም!» እኔ መሐል ገብቼ የምጮኸው ስለ ላስቲክ ክላሰሬ ነበር። ውስጡ የትምህርት ማስረጃዬና ደብረ ብርሃን ኮምፒውተር ቤት ያስጻፍኩት ሲቪ አለ። እንዳይታጠፍብኝ ብዬ ሌሊቱን ትራሴ ሥር አሳደርኩት። በመጨረሻ ባናው ገባ፣ የበርበሬው ግማሽ ወጣ፣ እናቴም ጋሼ ሰይድን እስከ መናኸሪያ ድረስ አኮረፈቻቸው።

አገር ቤት ያላችሁም፣ እንደኔ ወጥታችሁ በየአገሩ ያላችሁም፣ ስለ ብርዱ አትጠይቁኝ። ሌላው ሲንቀጠቀጥ እኔ «የመንዝ ልጅ ነኝ» ብዬ ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር። እርግጥ ጥር ላይ አፍንጫዬ የኔ መሆኑን ተጠራጥሬያለሁ፤ ግን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ምግባቸውም አልከበደኝም። ታልኩና የሚሉትን ዱቄት በእርጎ በጥብጠው ሲያቀርቡልኝ ቀምሼ በሳቅ ሞትኩ። በሶ ነው እኮ! በቅቤ አሽተው ቢበሉት የት በደረሱ። የከበደኝ ዝምታቸው ነው። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠ ሰውዬ «ደህና አደሩ» ስለው ተነስቶ ቦታ ቀየረ።

ሁለተኛ ዓመት ላይ ኮሌጁ ቁርጡን ነገረን። አንድ ድርጅት ገብቶ ልምምድ ያልሠራ ተማሪ አይመረቅም። ካልተመረቅኩ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዴ አይታደስም፤ ባዶ እጄን ሞላሌ ልገባ ነው። ያንን ትራሴ ሥር ያሳደርኩትን ሲቪ በእንግሊዝኛ አስተካክዬ ያልላክሁበት ድርጅት የለም። መልስ የሰጠኝም የለም። ሲጨንቀኝ የተማሪ አማካሪው ሚኮ ዘንድ ሄድኩ፤ ድምፁ እንደ ንስሐ አባት ዝቅ ያለ ሰው ነው።

ሲቪዬን አነበበና «አባትሽም ሥራ ይፈልጋሉ?» አለኝ።

«ኧረ አይፈልጉም፤ ገበሬ ናቸው።»

«ታዲያ ለምን እዚህ ተጻፉ? ይሄኛውስ ማነው?»

«አያቴ ናቸው።»

«እሳቸው ሥራ...»

«ሞተዋል!»

ሚኮ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እኔ ደግሞ ገረመኝ። መንዝ ውስጥ ሰው ገና ሲያይህ «የማን ልጅ ነህ?» ይልሃል። ርስት ሲጠየቅ ሰባት ቤት የሚቆጠርበት አገር ተወልጄ አያቴ ላይ ማቆሜን ጨዋነት ብዬው ነበር። «የማን ልጅ እንደሆንኩ ሳያውቁ እንዴት ያምኑኛል?» ስለው «እዚህ አይጠየቅም» አለና አባቴን ሰረዘ። አያቴን ሰረዘ። ሃይማኖቴን፣ አለማግባቴን፣ ፎቶዬን ሰረዘ። ፎቶውን ሲሰርዝማ አንጀቴ ነው የተቃጠለው፤ ለሱ ብዬ ሹሩባ ተሠርቼ ነበር።

«ከኔ ምን ቀረ ታዲያ?»

«ይሄ ቀረ፤ 'ጠንካራ ሠራተኛ፣ በጫና ውስጥ መሥራት የምትችል'። ማነው እንዲህ ያለው?»

«ኮምፒውተር ቤቱ።»

ሳቀብኝ ብላችሁ ነው? አልሳቀም፤ እነሱ ቶሎ አይስቁም። «አንቺ ምን ሠርተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«ምንም። ተማሪ ነበርኩ። ከትምህርት ቤት ስወጣ ጋሼ ሰይድ ሱቅ እውል ነበር እንጂ።»

«ምን ስትሠሪ?»

አፈርኩ። ሱቅ መዋልን ማን ሥራ ይለዋል? ግን ነገርኩት። ሸማኔዎቹ ከግሼም ከላሎም ተሸክመው የሚያመጡትን ባና እንደምቀበል፣ በእጄ እየዳሰስኩ የላላውን ከጠበቀው እንደምለይ፣ በገበያ ቀን ጋሼ ሰይድ ለሶላት ሲወጡ ሱቁን ብቻዬን እንደምይዝ፣ የተናደደ ገዢ ሲመጣ እንዴት እንደማበርደው። ሚኮ ቀና ብሎ «ይሄን ለምን ደበቅሽው?» አለ።

«አልደበቅኩም! ሥራ መሆኑን ማን ነገረኝ?»

እዚያው ቁጭ ብዬ አዲስ ጻፍኩ፤ አንድ ገጽ ብቻ። እናንተ ተማሪዎች፣ ስሙኝማ፤ «ጠንካራ ነኝ» ብላችሁ አትጻፉ። የሠራችሁትን በግልጽ ጻፉት፣ ጠንካራ መሆናችሁን አንባቢው ራሱ ይበለው። ግርጌው ላይ ሥራዬን የሚመሰክር ሰው ስም ይጻፍ ተባልኩ። ዋስ መሆኑ ነው ብዬ «ሰይድ፣ የሱቅ ባለቤት፣ ሞላሌ» ብዬ ከነስልካቸው አሰፈርኩ።

በሳምንቱ ከከተማው ወጣ ያለች ትንሽ የሱፍ ፋብሪካ ጠራችኝ። ባለቤቷ ፓይቪ ትባላለች፤ በዕድሜ እናቴን ታክላለች፣ ግን «አንቺ» በይኝ አለችኝ። ሲቪዬን እንደያዘች «ሰውዬሽ ጋ አሁን እንደውል» አለች።

«እንግሊዝኛ አይችሉም።»

«አንቺ ተርጉሚልኝ።»

«ስለ ራሴ?»

«ብትዋሺ ከድምፅሽ አውቃለሁ።»

ስልኩን ከፍ አድርጌ ደወልኩ። የገበያው ጫጫታ ቀድሟቸው ገባ። «እመቤት! ምነው በደህና?»

«ደህና ነኝ ጋሼ። እዚህ የፋብሪካ ባለቤት አሉ፤ ሊቀጥሩኝ አስበው ስለኔ ሊጠይቁዎት ነው። አስተርጓሚዋ እኔው ነኝ።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በያቸው፣ ዋሷ እኔ ነኝ። ነገ አንድ ነገር ብታጠፋ ልጅቱን እንዳይነኩ፤ እኔን ይጠይቁ፣ ሱቄን ይያዙ።»

ፓይቪ ይህን ስትሰማ ዓይኗ ፈጠጠ። «ሱቃቸውን አልፈልግም። ጎበዝ ሠራተኛ ናት ወይ?»

«ሱቄን ጥዬላት ሶላት ስሄድ ልቤ አንድ ቀን ወደኋላ አልዞረም በያቸው። የወለድኳቸውን እንኳ እንዲህ አላምንም።»

በራሴ አፍ ራሴን ላመሰግን! ፊቴ ጋለ። «ደህና ነበረች ይላሉ» ብዬ ልገላገል ሞከርኩ። ፓይቪ ግን «ይህን ሁሉ ተናግረው ይቺን ብቻ?» ብላ አፋጠጠችኝ። መሬት መሬት እያየሁ ሁሉንም አንድ በአንድ ተረጎምኩ።

«ድክመቷስ?»

«ኡ! እሱማ ሞልቷል! ምላሷ አያርፍም። ገዢ ሲመጣ 'ይሄኛው ልል ነው፣ ሌላ ሳምንት ይምጡ' ብላ ትመልስብኛለች። ወላሂ፣ ስንቱን ሸኘችብኝ!»

እሱንም ሳልቀንስ ተናገርኩ። ፓይቪ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

«አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ» አሉ ጋሼ ሰይድ። «እሳቸው የማን ልጅ ናቸው?»

ክው አልኩ። ሚኮ ይሄን ቢሰማ እንዴት ይሆን? እየፈራሁ ተረጎምኩ። ፓይቪ መስኮቱን እያየች «አባቴ እንጨት ቆራጭ ነበር። እናቴ እዚሁ ፋብሪካ ሱፍ ፈታይ ነበረች» አለች። ድምፅዋ ለስልሶ ነበር።

«ማሻአላህ! የፈታይ ልጅ ከሆኑማ እህታችን ናቸው። አንድ አደራ ብቻ፤ ሳይመሽ ቤቷ ትግባ።»

ፓይቪ ግራ ተጋባች። «በዚህ ወቅት እዚህ አይመሽም እኮ፤ ሌሊቱም ብርሃን ነው።»

«አይመሽም? እንዴት ነው የማይመሸው! ታዲያ መቼ ልትገባ ነው?» ብለው ጮኹ። ከዚያ ለኔ ብቻ በሚሆን ድምፅ «እውነት ግን እመቤት፣ ዘንድሮ ለክረምቱ ትመጫለሽ ብለን ነበር» አሉኝ።

ልምምዱ ክረምቱን ሙሉ ነው። እያወቅሁት ነው የገባሁበት፤ ሰው ጠይቆኝ ግን አያውቅም ነበር። «ይሄን ካገኘሁ አልመጣም ጋሼ» አልኳቸው፤ እንባዬ መጣ። ድምፃቸው ወደ ገበያው ዞረ። «ስሙማ እናንተ! ፊንላንድ የሚባል አገር ያለ ፋብሪካ እኔን ደውሎ አማከረኝ! የሱቄን ልጅ ሊወስዱ!» ሰው ሲስቅ፣ ሲመርቅ፣ አንዲት ሴት እልል ስትል ሰማሁ። ኩራት ተሰማኝ፤ ሆዴም ባባ፤ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ቻልኩት። ፓይቪ «መጨረሻ ላይ ምን አሉ?» ስትለኝ «እሱ የኔና የሳቸው ነው» አልኳት። ራሷን ነቀነቀችና «ሰኞ ጀምሪ» አለች።

አሁን እዚያው ነኝ። ብርድ ልብስ እፈትሻለሁ፣ የላላውን ስመልስ ማንም አይቆጣኝም። ከሥራ ወጥቼ የጋሼ ሰይድን ባና መስኮቴ ላይ እጋርዳለሁ፤ ፀሐይዋ አላስተኛ ብላኛለች። ከዚያ እደውላለሁ፤ እናቴም ሰዓቱን አውቃ ሱቁ ትጠብቀኛለች። ጋሼ ሰይድ ሰላምታውን ገና ሳይጨርሱ «መሸ እንዴ?» ይሉኛል።

«ኧረ ገና ነው ጋሼ።»

«እንግዲያ ለመግባት ጊዜ አለሽ» ይሉና ስልኩን ለእናቴ ይሰጧታል።