ትልና ምስጥ የበሉ ጫጩቶች

አግብቼ ዳንግላ በገባሁ በዓመቱ፣ የወረዳው የእርሻ ባለሙያ ስድስት ነጭ የፈረንጅ ጫጩት በካርቶን ይዞ ቤታችን መጣ። ባሌ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ የጸሐፊው ሚስት ከጀመረችው ሌላውም ያያል ብሎ ነው እኔን የመረጠ።

«እህል ብቻ አይበቃቸውም» አለኝ ባለሙያው። «ትል አርቢላቸው።»

የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ ግን አልሳቀም። አፉ የተሸረፈ ገንቦ አስመጣኝና አተላና እበት ለውሶ ሞላበት፤ ዝንብ እስኪያርፍበት ሁለት ቀን ክፍቱን ተይው፣ ከዚያ ክደኚው ብሎኝ ሄደ። በአራተኛው ቀን ክዳኑን ሳነሳ ነጩ ትል ይርመሰመሳል። ደስ ይበለኝ ወይስ ያስታውከኝ፣ እኔንጃ። ጫጩቶቹ ግን ተሻምተው ጨረሱት።

በዚያው ሰሞን አማቴ፣ የባሌ አባት፣ ዓይናቸውን ሊታከሙ ከእንጅባራ ገጠር መጡ። ከልጃቸው ጋር የሚያወሩት በአገውኛ ነው። እኔ የደብረ ማርቆስ ልጅ አንድ ቃል አልሰማም። በመጡ በሦስተኛው ቀን ገንቦዬ ተገልብጦ፣ ትሉም አመድ ለብሶ አገኘሁት። ባሌ ለምሳ ሲመጣ ነገርኩት፤ አባቱን ጠየቀ። ብዙ አወሩ። መሃል ላይ ሁለቱም ዞር ብለው አዩኝ።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«ምንም አላሉም።»

ያን ሁሉ አውርተው ምንም! ቆሻሻ ነች ብለውኝ ይሆናል አልኩ በልቤ።

በማግስቱ አማቴ ያንኑ ገንቦ አንስተው ወጡ፤ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ሌላ ቀን ጠዋት ግን ተሸክመውት መጡና በአማርኛ «ልጄ፣ ዶሮዎችሽን ጥሪ» አሉኝ። ለካ ገለባና እርጥብ እበት ሞልተው ከግጦሹ ዳር የምስጥ ኩይሳ ላይ ደፍተውት ኖሯል። ሲያራግፉት ምስጡ ፈሰሰ።

«ትሉን ለምን ደፉት፣ አባቴ?» አልኩ ፈራ ተባ እያልኩ።

«ዝንብ ጠርተሽ ትቀልቢያለሽ እንዴ? ይህን ዓይኔን የጨረሰው ዝንብ ነው።»

አፈርኩ። ሳምንት ሳይሞላ የእርሻው ሰው መጣና ምስጡን ሲያይ ጮኸ።

«በገዛ እጅሽ ምስጥ ቤትሽ ታስገቢያለሽ? ምሰሶሽን ሲበላው ታዪዋለሽ!»

የሳቸውም እውነት፣ የሱም እውነት። የማንን ልስማ? ትሉን በሌላ ገንቦ አርብቼ ከጓሮው ማዶ ባሕር ዛፉ ሥር፣ የገንቦውን አፍ በጨርቅ ጥፍር አድርጌ አስሬ ደበቅኩት። ምስጡንም አማቴ ሲያመጡልኝ ተቀበልኩ። አንዱ የሌላውን አላወቀም። ሁለት ጫጩት ሞቱብኝ፤ ትሉ ይሁን ምስጡ፣ ወይ ብርዱ፣ ዛሬም አላውቅም። አራቱ አድገው እንቁላል ጣሉ።

«አላልኩሽም?» አለኝ የእርሻው ሰው።

«አላልኩሽም?» አሉኝ አማቴ።

ለሁለቱም «እውነት ነው» አልኩ።

አማቴ ዓይናቸው ትንሽ ሻል ሲላቸው አገራቸው ተመለሱ። አንዷን ዶሮ ሰጠኋቸው፤ ጋቢያቸው ውስጥ ሸጉጠው በጭነት መኪና ሄዱ። ወር ሳይሞላ ለገበያ የመጣ ጎረቤታቸው መልእክት አደረሰኝ።

«ዶሮዋ መሬት ጭራ መብላት አታውቅም። ደጃፍ ቆማ የሚያመጣላትን ሰው ትጠብቃለች። ምን አድርገሽ ነው ያሳደግሻት? ብለዋል።»

ሰውየው መልሱን ይዞ ሊሄድ በር ላይ ቆሟል። አሰብኩ፣ አሰብኩ። በመጨረሻ «ለመሆኑ ደህና ነች ወይ? በልልኝ» ብዬ ሸኘሁት።